«አስራ አምስት ዓመት ሠርቼ ስሜን የሚያውቀው የለም፤ የምርምር ርዕሴን ልቀይር?»

ጥያቄ

ይድረስ ለተከበሩ አማካሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ43 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በተባባሪ ፕሮፌሰርነት የዕፅዋት በሽታን አስተምራለሁ፤ እመራመራለሁም። የምሠራው በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ ነው። ላለፉት አስራ አምስት ዓመታት ከገበሬዎች ጓሮ አልጠፋሁም፤ የታመመውን ተክል ከጤነኛው ለይቼ ስቆጥር፣ እናቶች ቅጠል ሲቆርጡና እንሰት ሲፍቁ ቢላዋቸው በሽታውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያሻግር ስከታተል፣ ቢላዋውን በእሳት ላይ አሳልፎ መጠቀም ምን ያህል እንደሚከላከል ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዘጠኝ ዓመቱ መዝገብ ገና አልታተመም።

ባለፈው ወር በአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። ዋና ተናጋሪው ሁለተኛ ዲግሪያችንን አብረን የተማርን ጓደኛዬ ነው። እሱ ለዶክትሬት ወደ አውሮፓ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በአንድ ትልቅ የዘረ መል ምርምር ቡድን ውስጥ ይሠራል፤ ጽሑፎቹም በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሰዋል። የእኔ ተለቃቅሞ ሁለት መቶ አይሞላም። በንግግሩ መካከል አንዲት እናት ቢላዋዋን በእሳት ላይ ስታገላብጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አሳየ። ፎቶግራፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከዓመታት በፊት በኢሜይል ልኬለት ነበር። ስሜን ግን አላነሳም። በሻይ ዕረፍቱ ላይ ወጣት ተመራማሪዎች ከበውት ሳለ ከመካከላቸው አንዷ ወደ እኔ ዞራ «እርስዎም በእንሰት ላይ ይሠራሉ እንዴ?» ስትለኝ፣ የምገባበት ጠፋኝ። ያን ምሽት ሆቴል ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ልጆቼን በወለድኩባቸውና ባሳደግኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ህትመቴ ተቋርጦ ነበር። አንድ የትምህርት ክፍል ባልደረባዬ «አንቺ ዘመኑን አላወቅሽበትም» ብሎ ሦስት ነገር መከረኝ። ርዕሴን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድቀይር፣ ገንዘብ ከፍዬ በሳምንታት ውስጥ በሚያወጡ ጆርናሎች ላይ እንዳሳትም፣ እንዲሁም አንዱ የሌላውን ስም በጽሑፉ ላይ እያስገባ እርስ በርስ ከሚጠቃቀስ የባልደረቦች ቡድን እንድቀላቀል። ባለቤቴ ደግሞ «ሥራሽ ራሱ ይመሰክርልሻል፤ ጊዜ ያወጣዋል» ይለኛል። እኔ ግን ጠብቄ ጠብቄ ደከመኝ። ለመሆኑ አንድን ተመራማሪ የሚያስጠራው ምንድን ነው? እኔስ ምን ጎደለኝ? በጓደኛዬ መቅናቴስ ክፉ ሰው ያሰኘኛል? እባክዎ ይምከሩኝ።

ተመራማሪዋ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ

መልስ

ውድ እህቴ፤

መጨረሻ ላይ ያስቀመጡትን ጥያቄ አስቀድሜ ላንሳው፤ ከሁሉ ይልቅ የከበደዎት እሱ ይመስለኛልና። አብሮ የተነሳ ሰው ርቆ ሲሄድ ማየት ያማል፤ ሕመሙን መናገርዎም ክፉ ሰው አያሰኝዎትም። ይሁንና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ምሽት ያስለቀሰዎት የጓደኛዎ ስም መግነኑ ነው ወይስ የእርስዎ ፎቶግራፍ ያለ ስምዎ መታየቱ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ አራት ሺው ሳይቴሽን (ጥቅስ) የጻፉት በአንድ መስመር ነው፤ ስለ ፎቶግራፉ ግን ማን እንዳነሳው፣ መቼና በምን እንደተላከ ዘርዝረዋል። ከዚህ ተነስቼ ስገምት፣ ይበልጥ የጎዳዎት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቅናት ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ግን ለሥራዎ የሚገባው ዕውቅና ስለቀረብዎ የተሰማዎት ቅሬታ ነው፤ ይህን ደግሞ እንደ ጥፋት ተሸክመው መኖር የለብዎትም። ወደ ጓደኛዎ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

«ምን ጎደለኝ?» ላሉት መልሴ፣ ከገለጹልኝ ነገር ብነሳ፣ ከችሎታ በኩል የጎደለዎት ነገር አይታየኝም የሚል ነው። የአንድ ተመራማሪ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀስ ከሚወስኑት ነገሮች ውስጥ ብዙዎቹ ከሥራው ጥራት ውጭ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው በዚያ ርዕስ ላይ የሚጽፈው ሰው ብዛት ነው፤ የሚጠቅስዎ የሚጽፍ ሰው ነውና። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ሆኖ ሳለ፣ በዋና ምግብነት የሚለማው ግን በአገራችን ብቻ ስለሆነ በዓለም ላይ ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ቁጥር አነስተኛ ነው። ጓደኛዎ የሚሠራበት የዘረ መል ጥናት ግን ስንዴንም፣ ሩዝንም፣ የሰውንም በሽታ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚመላለሱበት መስክ ነው። ከዚህም ላይ፣ ሌሎች እንደ መሣሪያ የሚጠቀሙበትን ዘዴ የሚያቀርብ ጽሑፍ ግኝትን ከሚያቀርበው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ኦሊቨር ሎውሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት፣ ፕሮቲንን መለኪያ ዘዴ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ይህን ያህል የተጠቀሰው ፕሮቲን የሚለካ ሰው በየላቦራቶሪው ስላለ እንጂ በክፍለ ዘመኑ ከተገኙት ግኝቶች ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። የአንድን ተመራማሪ የህትመትና የመጠቀስ ብዛት አጣምሮ የሚያሳየውን፣ ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽም ቁጥሩ ከመስክ መስክ እንደሚለያይ በዚያው ጽሑፉ ላይ አመልክቷል። ስለዚህ ሁለት መቶውን ከአራት ሺው ጎን ሲያስቀምጡ፣ የሚያወዳድሩት ሁለት መስኮችን እንጂ ሁለት ሰዎችን አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የተጀመረ ዝና ራሱን እያበዛ መሄዱ ነው። የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ነገር ከማቴዎስ ወንጌል ወስዶ «የማቴዎስ ክስተት» ብሎ ሰየመው፤ «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና» ከሚለው ቃል። አንድ ጽሑፍ ሁለት ጸሐፊዎች ሲኖሩት አንባቢው የሚያስታውሰው ቀድሞ የሚያውቀውን ስም ነው። የተጠቀሰ ጽሑፍ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በመታየቱም ዳግመኛ ይጠቀሳል። ታዋቂ ሰው ንግግር እንዲያደርግ ይጋበዛል፤ በመጋበዙም ይበልጥ ይታወቃል። ሜርተን ጽሑፉን የመሠረተው በአብዛኛው ሃሪየት ዙከርማን የተባለች ተመራማሪ ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ባደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች ላይ ነበር፤ ጽሑፉ ግን በእሱ ስም ብቻ ወጣ። ሜርተን ራሱም በጋራ ስማቸው መውጣት ይገባው እንደነበር በኋላ ጽፏል። ይህን የማነሳልዎ የእርስዎ ፎቶግራፍ ነገር በትልልቆቹም ደጅ የሚደርስ መሆኑን እንዲያዩት ነው።

የሚሠሩበት ቦታም የራሱ ክብደት አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሱበት። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ፣ በገበሬው አቅም ሊሠራ የሚችል ግኝት በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግኝቱ ያው ነበር፤ የዘገየው የሰሚው ጆሮ ነው።

ሌላ፣ ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርብ ታሪክ አለ፤ እርስዎም ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ዓይን አይተውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የእንሰት አጠውልግን መንስኤ ባክቴሪያ ለዓለም ያስተዋወቁት ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ። በ1974 ደግሞ ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ በምሥራቅ አፍሪካ የእርሻና የደን ጆርናል ላይ አወጡ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ ኖረ። በ2001 በሽታው በዑጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ላይ ታየ፤ ወደ ኮንጎ፣ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ኬንያና ወደ ብሩንዲም ተዛመተ። ሙዝ ዋና ምግባቸው የሆነ አገሮች ሲደነግጡ፣ ተመራማሪዎቻቸው ወደ ኋላ ተመልሰው የሚይዙት የመጀመሪያ ጽሑፍ የእነዚያ ሁለት ሰዎች ሥራ ሆነ። ዛሬ በዚህ በሽታ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁለቱን ሳይጠቅስ መጀመር ይቸግረዋል። ጽሑፉ በ1969ም በ2005ም ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚፈልገው ሰው ብዛት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ እንዳልተሳሳቱ ነው፤ ጊዜ የሚያወጣው ሥራ አለ። ሁለተኛው ግን ጊዜ ሊያወጣው የቻለው ሥራው ታትሞ፣ በስሙ ተመዝግቦ፣ የሚፈልገው ሰው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው። በመሳቢያ ውስጥ ያለ የዘጠኝ ዓመት መዝገብን ማንም ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ «ሥራሽ ራሱ ይመሰክርልሻል» የሚለውን ምክር በፍቅር እንደተሰጠ ምክር ይቀበሉት እንጂ በእሱ ላይ ብቻ አይደገፉ። ሥራ የሚመሰክረው ለሚያገኘው ሰው ብቻ ነው።

ልጆችዎን ስላሳደጉባቸው ዓመታት የጻፉትን ሳነብ፣ እነዚያን ዓመታት እንደ ዕዳ እንደሚቆጥሯቸው ተሰማኝ። እዚህ ላይ ልብዎን ያሳርፉልኛል ብዬ የማስባቸው የጥናት ውጤቶች አሉ። ሮቤርታ ሲናትራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የብዙ ሳይንቲስቶችን ሙሉ የሥራ ዘመን ተከታትለው፣ የአንድ ተመራማሪ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሰ ሥራ በህትመቶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ በየትኛውም ቦታ የመገኘት ዕድሉ እኩል መሆኑን አሳይተዋል፤ የመጀመሪያውም፣ የመካከለኛውም፣ የመጨረሻውም ሊሆን ይችላል። በወጣትነት የሚበዛው ምርጡ ሥራ ሳይሆን የሥራው ብዛት ነው። በ2020 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ሴቶችና ወንዶች በዓመት የሚያሳትሙት ቁጥር ተቀራራቢ መሆኑን፣ በመካከላቸው የሚታየው ሰፊ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ሴቶች ሥራውን ቀድመው ስለሚተዉ መሆኑን አመልክቷል። እርስዎ አልተዉም። ገና በ43 ዓመትዎ ላይ ነዎት፤ ያልታተመ የዘጠኝ ዓመት ሥራም በእጅዎ አለ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ በጽሑፎችዎ ውስጥ የራስዎን የቀድሞ ሥራ ይጠቅሳሉ? ብዙ ሴት ተመራማሪዎች ይህን ሲያደርጉ ራሳቸውን ያወደሱ ይመስላቸዋል። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን የመረመረ ጥናት ወንዶች የራሳቸውን ሥራ ከሴቶች በ56 በመቶ ይበልጥ እንደሚጠቅሱ አሳይቷል። ስለ ቢላዋ አጠቃቀም በሚጽፉት አዲስ ጽሑፍ ውስጥ የቀድሞውን ጥናትዎን መጥቀስ፣ አንባቢው ነገሩን ከሥሩ እንዲከታተል መርዳት ነው። አግባብ ባለው ቦታ ላይ ያለ ሐፍረት ያድርጉት።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ሦስት ምክሮች ልምጣ። ርዕስ ስለመቀየር ያሉት በራሱ ነውር የለውም፤ ሰው ልቡ ወደ ሌላ ነገር ከሄደ ይሄዳል። ነገር ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድም የጉጉት ቃል አላገኘሁም፤ ስለ ገበሬዎች ጓሮ ግን አለ። ሰው ሁሉ ወደሚሮጥበት መስክ ዘግይቶና ያለ ፍላጎት መግባት አስራ አምስት ዓመት ያከማቹትን ዕውቀት ጥሎ ከሃያ አምስት ዓመት ወጣቶች ጋር ከመነሻው መሰለፍ ነው። የታመሙ ቅጠሎችን ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ለይቶ ማወቅን የመሰለ ሥራ ቢያጓጓዎት፣ ዘዴውን ከሚያውቅ ሰው ጋር በትብብር ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ለዚያ ትብብር የእርስዎ ድርሻ ማንም በአጭር ጊዜ ሊያገኘው የማይችለው የማሳ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን አይንኳቸው ብዬ በግልጽ እነግርዎታለሁ። ያለ እውነተኛ ግምገማ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያትም ጆርናል ውስጥ የገባ መልካም መረጃ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ዳግመኛ በሌላ ቦታ ሊታተም አይችልም፤ የሚያውቁ አንባቢዎችም አይጠቅሱትም። ግምገማው በተጭበረበረባቸው ጽሑፎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 ሂንዳዊ ከተባለው አሳታሚ ጆርናሎች ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ተሰርዘዋል። በስም መደራረግና በመጠቃቀስ የሚገኘውም ቁጥር እንዲሁ ነው፤ ማን ማንን እንደሚጠቅስ የሚያሳይ መረጃ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ይታወቃል። ከዚያም በላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሥራዎ ያለ ስምዎ በመታየቱ ይህን ያህል ያዘኑ ሰው፣ ባልሠሩት ሥራ ላይ ስምዎ ሲታይ ደስ የሚልዎት አይመስለኝም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? የማይለወጠውን ከሚለወጠው እንለይ። የእንሰት መስክ ጠባብነት በእርስዎ እጅ አይደለም። የመገኘትዎ ነገር ግን በአብዛኛው በእጅዎ ነው፤ እኔም የምገፋፋዎት በዚህ በኩል ነው።

በስምዎ ይጀምሩ። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ አንዱ ጆርናል በአባታችን ስም፣ ሌላው በአያታችን ስም ይመዘግበናል፤ በላቲን ፊደል ስንጽፈውም አንዱ ስም በሁለትና በሦስት ዓይነት ይወጣል። የአንድ ሰው ሥራ የሦስት ሰው መስሎ በየመዝገቡ ተበታትኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎስ ጽሑፎችዎን የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው በጉግል ስኮላር ላይ በእያንዳንዱ አጻጻፍ ፈልገው ያውቃሉ? አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ይፈልጉት፤ አንዱን አጻጻፍ መርጠው ከእንግዲህ በእሱ ብቻ ይጻፉ፤ ኦርኪድ በተባለው ነጻ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ተመዝግበው ሁሉንም ህትመቶችዎን በእሱ ሥር ያሰባስቡ። «ሁለት መቶ አይሞላም» ያሉት ቁጥር ራሱ ከፍ ሊል ይችላል።

ቀጥሎ የዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ ያውጡት። ሲያወጡት ግን በርዕሱ ላይ ይጨነቁበት። የቀድሞ ጽሑፎችዎ ርዕስ የዞንና የወረዳ ስም ይዞ እንደሆነ ያስተውሉ። ጥናቱ የተካሄደበት ቦታ በጽሑፉ ውስጥ በሚገባ መገለጽ አለበት፤ ነገር ግን ርዕሱ በቦታ ስም ሲሞላ፣ በሌላ አገር ያለ አንባቢ የእሱ ጉዳይ እንደሆነ ሳያውቅ ያልፈዋል። ከላይ እንዳልኩት በሽታው የሙዝም ነው። የሙዝ አምራቾችም እንደ እንሰት አምራቾቹ እናቶች ሁሉ የሚቸገሩት ቢላዋን ከበሽታ በማንጻት ነው፤ በእሳት ይሁን ወይስ በበረኪና፣ ገበሬው ምን ያህል ይተገብረዋል፣ መቼስ ይሰለቸዋል የሚለው ጥያቄ በካምፓላም በኪጋሊም የሚጠየቅ ነው። የእርስዎ የዘጠኝ ዓመት ክትትል ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ስለዚህ በአብስትራክቱ (በጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) እና በቁልፍ ቃላቱ ውስጥ «ሙዝ» የሚለው ቃል ይግባ። የባክቴሪያውም ሳይንሳዊ ስም በቅርብ ዓመታት ከዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ወደ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ስለተዛወረ፣ በአሮጌው ስም የሚፈልግም በአዲሱ ስም የሚፈልግም እንዲያገኝዎ ሁለቱንም ይጥቀሱ። ርዕስዎን አልቀየሩም፤ የሚያነብልዎት ሰው ግን ይበዛል። ለእኔ ከባልደረባዎ ምክር ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።

ጆርናሎች ከጸሐፊ ስለሚጠይቁት የህትመት ክፍያ አይስጉ። ብዙዎቹ ታላላቅ አሳታሚዎች በዝቅተኛ ገቢ ምድብ ካሉ አገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች ማንም በነጻ በሚያነባቸው፣ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ላይ የህትመት ክፍያን ይሰርዛሉ፤ ኢትዮጵያም ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር በነጻ ከሚስተናገዱት አገሮች አንዷ ናት። ጥያቄውን ግን ጽሑፉን በሚያስገቡበት ጊዜ ማቅረብ ይኖርብዎታል፤ ከተቀበሉት በኋላ ማስሰረዝ ያስቸግራል። የመዝገቡን ዳታና ፎቶግራፎችዎን ደግሞ ዜኖዶ በተባለው ነጻ ማከማቻ ላይ በስምዎ ቢያስቀምጡ እያንዳንዱ ቋሚ መለያ ቁጥር ያገኛል፤ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ምንጩን የሚጠቅስበት መንገድም ይኖረዋል። የገበሬዎቹን ስምና የሚታወቁበትን ዝርዝር አስቀድመው ማውጣትዎን፣ ፊታቸው የሚታይበትንም ፎቶግራፍ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ አለማስገባትዎን ግን አደራ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ጥያቄ በልብዎ ይያዙ። ስምዎ እንዲታወቅ የሚፈልጉት በማን ዘንድ ነው? በጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ባሉት ዘንድ ከሆነ የነገርኩዎ መንገድ ይረዳዎታል። በእናቶቹና በልማት ሠራተኞቹ ዘንድ ከሆነ፣ ምናልባት አስቀድመው ይታወቁ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ውጤቱ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በአጭሩ ተጽፎ በእጃቸው ገብቷል ወይ? በተማሪዎችዎ ዘንድ ከሆነ ደግሞ፣ ያቺ በሻይ ዕረፍት የጠየቀችዎ ወጣት ትዝ ትለኛለች። ጥያቄዋ ንቀት መስሎ ተሰምቶዎታል፤ ነገር ግን በእንሰት ላይ የሚሠራ ሰው ስታገኝ የተደሰተች ወጣት ልትሆን አትችልም? በጉባኤው የተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ አድራሻዋን ካገኙት አንድ ጽሑፍዎን ልከው ሰላምታ ይጻፉላት። የመስክዎ ጥበት ችግር ከሆነ፣ የሚሰፋው በእንዲህ ዓይነት ወጣቶች ነው።

ወደ ጓደኛዎ ልመለስ። እስካሁን አላናገሩትም ብዬ እገምታለሁ። ዝምታው እየቆየ ሲሄድ በልብዎ ውስጥ ያለው ሰው እውነተኛው ጓደኛዎ መሆኑ ይቀርና ራስዎ የሳሉት ባላጋራ ይሆናል። ፎቶግራፉን ከየት እንዳመጣው ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በፊት የተላከ ነው ብለዋልና። አውቆም ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ ሊያውቁት አይችሉም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አጭር ኢሜይል ይጻፉለት፤ ወቀሳም ልመናም የሌለበት ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ቢሉት፦ «ንግግርህን ወድጄዋለሁ። በመካከሉ ያሳየኸው የቢላዋ ፎቶግራፍ ከዓመታት በፊት የላክሁልህ ነው፤ ስሜ ሳይነሳ በማለፉ ቅር ብሎኛል። ከእንግዲህ ስትጠቀምበት ስሜን ብታሰፍርልኝ ደስ ይለኛል። የዘጠኝ ዓመቱን የማሳ መዝገብ ለህትመት እያዘጋጀሁ ነው፤ የባክቴሪያውን ዝርያዎች በዘረ መል መለየት ቢጨመርበት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁና፣ ፍላጎቱ ካለህ እንነጋገር።»

መልካም መልስ ቢመጣ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማን ምን እንደሚሠራና የስሞች ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ይስማሙ፤ የመረጃው ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ የመጀመሪያ ጸሐፊነትን መጠየቅ አግባብዎ ነው። የዘረ መሉን ትንተና በእውነት ከሠራ ተባባሪ ጸሐፊ ይሁን፤ ስሙ ጽሑፉን ያስነብበዋል ብለው ብቻ ግን አያስገቡት። መልስ ባይመጣ ወይም ቢያስተባብል፣ አዝነው የዘረ መሉን ክፍል ትተው ጽሑፉን በራስዎ ስም ያውጡት፤ የማሳው መዝገብ ያለ እሱም ሙሉ ነው።